ታንኳ ሲረዝም ይፈጥናል?

ጥያቄና መልስ፦ ስለ ጠባብ ታንኳና ጀልባ

በዚህ እትም ከዘጌ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቁንዝላና ከደብረ ማርቆስ የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን ከመልሳቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የጣውላ ታንኳዬ 4 ሜትር ተኩል ነው፤ የምቀዝፈውም ብቻዬን ነው። አናጺው «ወደ 7 ሜትር ብታስረዝመው ይበርልሃል» ይለኛል። ጣውላው ውድ ስለሆነ ከመግዛቴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። — ከዘጌ

መልስ፦ አናጺው ግማሹን እውነት ነው የነገረዎት። ርዝመት የሚያፈጥነው የሚገፋው ጉልበት ሲኖር ነው። ለአንድ ቀዛፊ 7 ሜትር ትርፉ ድካም ነው።

ለምን ቢሉ፣ ውሃ ላይ የሚሄድን ነገር ሁለት ኃይል ወደ ኋላ ይይዘዋል። አንዱ ሰበቃ ነው፤ ውሃው ከታንኳው ሆድ ጋር እየተፋተገ ይጎትተዋል። የዚህ መጠን የሚወሰነው በረጠበው ገላ ስፋትና ልስላሴ ነው። ሁለተኛው ሞገድ ነው። ታንኳው ከፊቱ ያለውን ውሃ ገፍቶ ያስነሳዋል፤ የተነሳውም ውሃ ሞገድ ሆኖ አብሮት ይጓዛል። ያንን ሞገድ የሚያስነሳው የቀዛፊው ክንድ ነው።

ሞገድ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በአንዱ ጉብታና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ርቀቱ 1.2 ሜትር ያህል ነው፤ በ7 ኪሎ ሜትር 2.4፣ በ9 ኪሎ ሜትር ደግሞ 4 ሜትር ይደርሳል። ይህ ርቀት የታንኳውን ርዝመት ሲያክል አፍንጫው በአንዱ ጉብታ፣ ጭራው በቀጣዩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አልፎ ለመፍጠን የሚሞክር ታንኳ ጭራው ጎድጓዳው ውስጥ ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ቀዛፊውም የራሱን ሞገድ ሽቅብ ሲገፋ ይውላል። ይህን ጣሪያ በቀላሉ ማስላት ይቻላል፦ የርዝመቱን (በሜትር) ስኩዌር ሩት በ4.5 ያባዙ፤ የሚያገኙት በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። ለ4.5 ሜትር ታንኳ 9.5፣ ለ7 ሜትር 11.9 ይሆናል።

አናጺው የሚያስበው ይህንን ነው፤ ስሌቱም ልክ ነው። ነገር ግን ጭነት ይዞ ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው 9.5 ኪሎ ሜትር ጫፍ አይደርስም። ሞገዱ መክበድ የሚጀምረው ከጣሪያው 70 በመቶ ገደማ ላይ ሲደረስ ነው፤ ይህም ለእርስዎ ታንኳ 6.7 ኪሎ ሜትር፣ ለ7 ሜትሩ 8.3 ነው። በ5 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ከሆነ ከሁለቱም በታች ነዎት። እዚያ ላይ የሚይዝዎት በአመዛኙ ሰበቃ ነው፤ በሰበቃ በኩል ደግሞ ረጅሙ ይጎዳዎታል። ክብደቱ ሳይለወጥ ከ4.5 ወደ 7 ሜትር የረዘመ ታንኳ የረጠበ ገላው በ25 በመቶ ያህል ይጨምራል። የተጨመረውን ጣውላ ክብደት ሳንቆጥር ማለት ነው።

ስለዚህ ለአንድ ሰው ከ5 እስከ 5.5 ሜትር በቂ ነው። ሁለት ቀዛፊ ካለ ከ6 እስከ 7 ሜትር ያስኬዳል። ጭነቱ ከ300 ኪሎ የሚያልፍ ከሆነም ማስረዘም ይረዳል፤ ያ ግን ታንኳው ብዙ እንዳይሰምጥ ነው እንጂ እንዲበር አይደለም።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። ጠዋት ውሃው ሳይናወጥ በተለመደው ፍጥነትዎ እየቀዘፉ በታንኳው ጎን የሚሄደውን ሞገድ ሌላ ሰው ከዳር ሆኖ ይቁጠርልዎ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሁለት ሙሉ ሞገድ ወይም ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ችግርዎ ርዝመት አይደለም። አንድ ብቻ ከሆነና ጭራው ተቀምጦ ከታየ ግን አናጺውን ይስሙት።

ሲለኩም የሚቆጠረው ውሃ የሚነካው ርዝመት ብቻ ነው። ሽቅብ የተቀለበሰው አፍንጫ ግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳ ለዚህ ስሌት የለም። የተለመደውን ጭነት ጭነው ውሃው የሚደርስበትን ከፊትና ከኋላ በጠመኔ ያመልክቱ፤ አውጥተው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይለኩ።

ጥያቄ፦ ለውድድር የምናዘጋጀው የ5.5 ሜትር ታንኳ ወርዱ 80 ሳ.ሜ. ነው። ወደ 60 ብናጠበው ይገለብጠናል? ሆዱስ ጠፍጣፋ ይሁን ክብ? — የወጣቶች ቡድን፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ለውድድር ከርዝመት ይልቅ ወርድ ላይ ማተኮራችሁ ትክክል ነው። ባለፈው መልስ የጠቀስነው ጣሪያ ግንብ አይደለም፤ ለወፍራም ጀልባ ይጠነክራል፣ ለቀጭን ይላላል። ርዝመቱ የወርዱን ከ8 እስከ 10 እጥፍ ሲያልፍ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚከፈት ሞገዱ ትንሽ ይሆናል። በዓለም አቀፍ የአጭር ርቀት ውድድር የአንድ ሰው ካያክ (ጠባብና ቀላል የቀዘፋ ጀልባ) ርዝመት ከ5.20 ሜትር እንዳያልፍ፣ ክብደቱም ከ12 ኪሎ እንዳያንስ ሕጉ ይደነግጋል። በስሌታችን ጣሪያው 10.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሆኖም የታወቁት ተወዳዳሪዎች 1,000 ሜትሩን በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ይጨርሱታል። ስምንት ቀዛፊ የሚይዘው የውድድር ጀልባም 17 ሜትር ያህል ረዝሞ ወርዱ 60 ሳ.ሜ. እንኳ አይሞላም፤ የስሌት ጣሪያው 18.5 ሲሆን ከ20 በላይ ይሄዳል። የናንተው በ80 ሳ.ሜ. 7 እጥፍ ነው፤ በ60 ከ9 እጥፍ ያልፋል። ልዩነቱ በዝግታ ስትሄዱ እምብዛም አይታወቅም፤ ስትሽቀዳደሙ ግን ይታወቃል።

አሁን ወደ መገልበጡ። የታንኳ ሚዛን ከወርዱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ወርዱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። 80 ሲባዛ 512,000፣ 60 ሲባዛ 216,000 ይሆናል። ወርዱን በሩብ ስትቀንሱ ከወርድ የሚገኘው ሚዛን ወደ 42 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሰው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ታንኳው አይቆምም። ስለዚህ፦

መቀመጫውን ከወለሉ ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. በላይ አታድርጉት። 60 ሳ.ሜ. የሚሆነው ውሃው የሚነካው ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ጎኖቹን ወደ ውጭ ከፈት አድርጋችሁ አፉ ላይ 75 ሳ.ሜ. አድርሱት። ሲያዘነብል ሰፊው ክፍል ውሃ ውስጥ እየገባ ይደግፋችኋል። መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ፣ ሆን ብላችሁ እያዘነበላችሁ ሞክሩት። አፉ ውሃ ሳይነካ በፊት የሚገለበጥ ከሆነ መጀመሪያ መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ፤ ካልበቃ ወርዱን 5 ሳ.ሜ. መልሱ።

ስለ ሆዱ በቁጥር እንየው። መሐል ላይ ውሃ ውስጥ የሚገባው ክፍል ስፋቱ 600 ካሬ ሳ.ሜ. ነው እንበል። ጠፍጣፋ ወለልና ቀጥ ያለ ጎን ያለው፣ ወርዱ 60 ጥልቀቱ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ታንኳ ዙሪያውን 80 ሳ.ሜ. ገላ ያረጥባል። ሙሉ ግማሽ ክብ ቢሆን 61 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ወርዱ 39 ሳ.ሜ. ስለሚሆን ሳይለማመድ የሚቀመጥበት ሰው የለም። መካከለኛው፣ ወርዱ 55 ጥልቀቱ 14 ሳ.ሜ. የሆነ ሞላላ ሆድ 67 ያረጥባል። እኛ የምንመክረው ይህንን ነው። በጣውላ ይህን ማጠፍ ካስቸገራችሁ ጠፍጣፋውን ወለል 30 ሳ.ሜ. አድርጋችሁ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሰያፍ ጣውላ ጨምሩ፤ ከክቡ ብዙም አይርቅም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጭራው ነው። አፍንጫውን ሁሉም ሰው ያሾላል፤ ጭራውን ግን ቆርጠው ይተዉታል። ታንኳው ሲሄድ ከኋላው ተጠግቶ የሚሽከረከር፣ አረፋ የሚሠራ ውሃ ካያችሁ ጭራው በድንገት ስላለቀ ውሃው መዝጊያ አጥቶ እየጎተታችሁ ነው። ሰፊው ቦታ መሐል ላይ ወይም ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጥበብ። ጭራው ሥር 15 ሳ.ሜ. ያህል ጥልቀት ያለው ቀጭን ክንፍ ማድረግም አይጎዳም፤ ክንፉ የሚጨምረው ሰበቃ አፍንጫው ግራ ቀኝ ሲዋዥቅ ከሚባክነው ያንሳል።

ጥያቄ፦ የደንገል (በሐይቅ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል) ታንኳ አዲስ ሲሆን ቀላል ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይከብዳል፣ ይዘገያልም። በላስቲክ ብንጠቀልለው ይሻላል? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ የደንገል ታንኳ እንደ ጣውላው ውሃ በማስቀረት አይደለም የሚንሳፈፈው፤ በግንዱ ውስጥ ባለው አየር ነው። ውሃው እስሩ ውስጥ እንደ ልብ ይገባል ይወጣል። ችግር የሚመጣው ግንዱ ራሱ ሲጠጣ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 80 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ታንኳ 25 ኪሎ ያህል በጨመረ ቁጥር 1 ሳ.ሜ. ይሰምጣል። 50 ሊትር ውሃ ቢጠጣ 2 ሳ.ሜ. ወረደ ማለት ነው፤ ሰበቃውም ይጨምራል፣ በየቀዘፋው የሚንቀሳቀሰው ክብደትም እንዲሁ። በዚህ ላይ የላላ እስርና የተሰበረ ግንድ ገላውን ያሻክረዋል።

ላስቲኩ የሚጠቅመው የከበሮ ቆዳ ያህል ከተወጠረ ብቻ ነው። ደንገል ደግሞ እየተጫነ ቅርጹን ስለሚቀይር ሳይሸበሸብ አይቆይም፤ በወርድ የተሸበሸበ ላስቲክ ደግሞ ከራሱ ከደንገሉ የባሰ ይይዛል። ከዚያም የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ደንገሉን ያበሰብሰዋል። ላስቲኩን ከላይ ከጭነቱ ሥር አንጥፉት። ታንኳውን ግን ሥራ ሲያልቅ ውሃ ውስጥ አትተዉት፤ አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ አስደግፉ፣ ውሃው ወርዶ ፀሐይና ነፋስ ያግኘው። ስትሠሩም በደንብ የደረቀ ደንገል ተጠቀሙ፤ ሲታሰር አይድቀቅ፤ የተቆረጠው ጫፍ ከውሃ በላይ ይዋል፤ ገመዱን ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

ጭራው ሽቅብ መሳቡ ለጌጥ የሚመስለው ካለ የሩቅ አገር ማስረጃ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የተቀለበሰውን ጭራ ከጀልባው ወለል ጋር ወጥሮ የሚይዘው ገመድ በመቅረቱ ጭራው እየወረደ ማዕበል ይገባው ጀመር፤ ጉዞውም ሳይጠናቀቅ ቀረ። በዓመቱ ከጣና ደንገል የተሠራው «ራ 2» ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ።

ጥያቄ፦ ዳር ዳሩን ስንቀዝፍ ታንኳው ይከብደናል፤ ወደ ውስጥ ስንገባ ይቀላል። ጭቃው ነው የሚይዘን? — ከቁንዝላ

መልስ፦ ጭቃውን ካልነካችሁት ጭቃው አይደለም፤ የውሃው ማነስ ነው። ጥልቀት ሲያንስ ሞገድ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሄድ አይችልም። ስሌቱ የጥልቀቱ (በሜትር) ስኩዌር ሩት በ11.3 ሲባዛ ነው፤ በ1 ሜትር ውሃ 11.3፣ በግማሽ ሜትር 8፣ በ30 ሳ.ሜ. 6.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እዚህም ሸክሙ ከ70 በመቶው ገደማ ይጀምራል፤ ስለዚህ በ30 ሳ.ሜ. ውሃ ላይ ገና በ4.3 ኪሎ ሜትር ትደክማላችሁ። ቢያንስ 1 ሜትር ወዳለው ግቡ፤ መቅዘፊያው ቀጥ ብሎ ሲገባ መሬት ካልነካ በቂ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ከዳር ብዙ አትራቁ፤ ትንሽ መዘግየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ 7 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ የላሜራ ጀልባ አለኝ። ሞተሩን ከ15 ወደ 40 ፈረስ ጉልበት ቀየርኩት። ቤንዚኑ እጥፍ ሆነ እንጂ ፍጥነቱ ብዙም አልጨመረም። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሞተሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ጀልባው ነው ያልፈቀደው። የ7 ሜትር ጣሪያ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ለማለፍ ጀልባው ውሃው ላይ ወጥቶ መንሸራተት አለበት፤ ለመንሸራተት ደግሞ ኋላው ሰፊና ጠፍጣፋ መሆን፣ ጠቅላላ ክብደቱም ለሞተሩ መቅለል ይኖርበታል። ጠባብና ወደ ኋላ የሚሾል ጀልባ ይህን አያደርግም፤ ጉልበት ሲጨመርለት ጭራው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። የ40 ሞተር ክብደቱ የ15ቱን እጥፍ ገደማ ስለሚሆንና እሱም ጭራው ላይ ስለሚንጠለጠል ነገሩን ያባብሰዋል።

ሊያደርጉ የሚችሉትን በቅደም ተከተል እንንገርዎት። ቤንዚን ታንኩን፣ ባትሪውንና ከባድ ዕቃውን ከኋላ አንስተው ከመሐል ፊት ወዳለው ቦታ ያምጡ፤ በጉዞ ላይ ጀልባው ሊስተካከል እስኪቃረብ ድረስ። አፍንጫው በጣም ከወረደ ግን መሪው ያስቸግርዎታል፤ ጭራው 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ቢል ይሻላል። ሆዱን አውጥተው ይፋቁ፤ አረንጓዴው ዝቃጭና የተነሳ ቀለም ሰበቃውን በጣም ይጨምራሉ። የብየዳው ጉብታ ከውሃ በታች ካለ በብረት መሞረጃ (ሞላ) ያስተካክሉት። ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ወይም ገመድ ተጠምጥሞ እንደሆነ ሞተሩን አጥፍተው ይመልከቱ።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ራሱ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 15 የተባለው 12 ሆኖ ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ለባሕር ዳርቻ አገር ያስቀመጠው ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል። ሙሉ ጋዝ ሰጥተው ዙሩ በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው በታች ከቀረ፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት) 1 ወይም 2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ይግዙ። 1 ኢንች መቀነስ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

በእኛ እይታ ለዚህ ጀልባ 15ቱ ይበቃ ነበር። ቤንዚን ለመቆጠብ ደግሞ ጋዙን ቀነስ ያድርጉ ከማለት የተሻለ ምክር የለም። የሚያስፈልገው ጉልበት ቢያንስ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚጨምር፣ ከ10 ወደ 9 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ ለ20 ኪሎ ሜትር መንገድ 13 ደቂቃ ያህል ይዘገያሉ፤ ከቤንዚኑ ግን ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ ያተርፋሉ። ወደ ጣሪያው በተጠጉ ቁጥር ትርፉ ከዚህም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ይህን በተግባር ለማሳየት ውድ ዕቃ ያስፈልጋል? — ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አያስፈልግም፣ መምህር። መንገዱን ያሳየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ትንንሽ ሞዴሎችን ውሃ ላይ እየጎተተ የመርከብን ሞገድ ያጠና ሰው። ሕጉ አጭር ነው፦ ርዝመቱ 10 ጊዜ ካነሰ ክብደቱ 1,000 ጊዜ፣ ፍጥነቱ ደግሞ በ10 ስኩዌር ሩት ማለትም 3.16 ጊዜ ማነስ አለበት።

ከለስላሳ እንጨት ሁለት ሞዴል ያስጠርቡ፤ አንዱ 45 ሳ.ሜ.፣ ሌላው 70 ሳ.ሜ. ይሁን። አሸዋ እየጨመሩ ሁለቱንም እኩል 150 ግራም ያድርጓቸው፤ ይህም 150 ኪሎ የሚመዝን እውነተኛ ታንኳ ማለት ነው። ቀለም ቀብተው እኩል ያለስልሷቸው። አፍንጫቸው አጠገብ ጣት የሚያህል ወርድ ያለው የደቃቅ አሸዋ መስመር በሙጫ ይለጥፉ፤ ይህ ካልተደረገ በትንሽ ሞዴል ላይ ውሃው ሳይናወጥ እየተንሸራተተ ያልፍና ውጤቱን ያዛባዋል።

1 ሜትር ቀጭን ዘንግ ወስደው በሁለቱ ጫፍ ሞዴሎቹን በእኩል ክር ያያይዙ፤ መጎተቻውን ገመድ መሐሉ ላይ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ቢያንስ ጉልበት በሚደርስ የረጋ ውሃ ዳር፣ አንድ ተማሪ ገመዱን በረጅም እንጨት ወደ ውሃው ዘርግቶ እየተራመደ ይጎትት። ዘንጉ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ብዙ በሚከብደው ሞዴል በኩል ነው።

በመጀመሪያ 5 ሜትሩን በ11.4 ሴኮንድ ይጎትቱ፤ ይህ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እውነተኛ ታንኳ ነው። ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ 5 ሜትሩን በ6.3 ሴኮንድ፤ ይህም የ9 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ጭራውን አስቀምጦ ወደ ኋላ የሚቀረው አጭሩ ነው። በቁጥር ከፈለጉ ዘንጉ ቀጥ እስኪል ድረስ የመጎተቻውን ቋጠሮ ወደሚከብደው በኩል ያንቀሳቅሱ። ቋጠሮው ከአንዱ ሞዴል 45፣ ከሌላው 55 ሳ.ሜ. ላይ ከቆመ የሁለቱ ጉተታ 55 ለ45 ነው፤ ትልቁ ቁጥር ለቀረበው። በትንሽ ሞዴል ላይ ሰበቃው ከእውነተኛው ታንኳ በንጽጽር ስለሚበዛ፣ አጭሩ ወደ ኋላ መቅረት የሚጀምርበት ፍጥነት ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ ተማሪዎቹ ተሳስተው አይደለም።